የሚጮኸው ሳጥን፦ መብራት ሲጠፋ የአክስቴ ስልክ ለምን አብሮ ጠፋ?

አክስቴ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል፤ ደም ግፊትም አለባቸው። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው። ስለዚህ ቤተሰቡ አጥብቆ የያዘው አንድ ነገር ነበር፤ የቤት ስልካቸው በምንም ምክንያት እንዳይቋረጥ። ሞባይል አላቸው፤ ግን አይወዱትም። ፊደሉ ያንስባቸዋል፤ ቻርጅ ማድረጉንም ይረሱታል። በቤት ስልኩ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ይደውላሉ።

አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። በዚያው ሌሊት ራሳቸውን አዞራቸው። እየዳበሱ ወደ ስልኩ ሄዱ። አነሱት፤ ድምፅ የለም። አስቀምጠው ደግመው አነሱት። አሁንም የለም። ሞባይሉ ቻርጁን ጨርሶ ተዘግቷል። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው፣ ግድግዳውን ተደግፈው እስኪነጋ ጠበቁ። ጠዋት ጎረቤታቸው ነች ያገኘቻቸው። ደህና ነበሩ፤ ተመስገን። እኔ ግን ስሰማ ሆዴ ተላወሰ።

ሥራዬ የኢንተርኔት መስመር መዘርጋትና መጠገን ነው። በእሳቸው ቤት የመጠባበቂያ ባትሪ እንዳለ አውቃለሁ። መብራት ሲጠፋ ስልኩን ለሰዓታት እንዲያቆይ ተብሎ የተገጠመ ነው። ታዲያ ለምን አላቆየም? ይህን ለማወቅ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ያገኘሁትን በዝርዝር እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ሳጥን ፋይበር በገባባቸው ብዙ ቤቶች ውስጥ አለ፤ ዞር ብሎ የሚያየው ግን የለም።

ጢጥ የሚለው ነገር

የሄድኩት በማግስቱ ነው። መብራት ተመልሷል። ስልኩን አነሳሁት፤ ይሠራል። ኢንተርኔቱም ይሠራል። የዚህ ብልሽት ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። መብራት እስካለ ድረስ ምንም የጎደለ አይመስልም። ቤት የሚገባ ጠጋኝ ሁሉ ሞክሮ «ደህና ነው» ብሎ ሊሄድ ይችላል።

ዕቃዎቹ ሳሎን ጥግ ባለ ቁምሳጥን ውስጥ ናቸው። ከፈትኩት። የሞቀ አየር ፊቴን መታኝ። ይህን ለጊዜው በልቤ ያዝኩት። ውስጡ ሦስት ነገር አለ። አንደኛው ፋይበሩ የሚገባበት ነጭ መቀበያ ነው፤ እኛ ኦኤንቲ እንለዋለን። ከእሱ አንድ የኔትወርክ ኬብል ወደ ራውተሩ ይሄዳል፤ አንድ ቀጭን የስልክ ሽቦ ደግሞ ወደ ስልኩ። ሦስተኛው፣ ከታች የተቀመጠው፣ የባትሪው ሳጥን ነው። ፊቱ ላይ ትንሽ ቀይ መብራት በርታለች።

«እቴቴ፣ ይሄ ሳጥን ድምፅ አሰምቶ ያውቃል?»

«ይጮህ ነበር እንጂ። ጢጥ ይልና ዝም ይላል። ቆይቶ ደግሞ ጢጥ። እንቅልፍ ነሳኝ። አንዱ ልጅ መጥቶ አንዷን ቁልፍ ተጫነልኝ፤ ከዚያ ወዲያ ዝም አለ።»

«መቼ ነው ይሄ?»

«ኧረ ቆይቷል። ስድስት ወር ሳይሞላው አይቀርም።»

ልጁም አላጠፋ፣ እሳቸውም አላጠፉ። ቁልፏ ለዚያው የተሠራች ናት። የምታጠፋው ግን ድምፁን ብቻ ነው። ሳጥኑ በየተወሰነ ጊዜ ራሱ ባትሪውን ይፈትሻል። ባትሪው ካልቻለ «ቀይሩኝ» ይላል፤ ቋንቋው ጢጥታ ነው። ከተዘጋ በኋላ የሚቀረው ቀይዋ መብራት ናት። ቀይዋ መብራት ደግሞ በተዘጋ ቁምሳጥን ውስጥ ነበረች።

አንድ የምወቅሰው ነገር አለ። ሳጥኑን የገጠመው አገልግሎት ሰጪ ድምፁ ምን እንደሚል ለአክስቴ አልነገራቸውም። ወረቀት ትቶ ሄዷል፤ ወረቀቱ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነው። ብቻቸውን ለሚኖሩ ለእንዲህ ያሉ ሰው ሁለት ደቂቃ ቆሞ ማስረዳት ይገባ ነበር።

እሳቸው በበኩላቸው አንድ ጥሩ ጥያቄ ጠየቁኝ። «የድሮው ስልክ መብራት ቢጠፋም ይሠራ ነበር። አዲሱ እንዴት ከእሱ ያንሳል?»

ልክ ናቸው፤ ይሠራ ነበር። የድሮው መስመር መዳብ ነው። መዳብ ድምፁን ብቻ ሳይሆን ኤሌክትሪኩንም አብሮ ይዞ ይመጣል። የስልክ ጣቢያው ውስጥ ትላልቅ ባትሪዎች አሉ፤ በ48 ቮልት መስመሩን ይመግባሉ። ቤትዎ ጨለማ ቢሆንም ስልኩ ጉልበቱን የሚያገኘው ከዚያ ነው። ፋይበር ግን ብርጭቆ ነው። የሚያልፍበት ብርሃን ነው። ብርጭቆ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ ጣቢያው ምንም ያህል ባትሪ ቢኖረው ለቤትዎ ስልክ ሊያካፍል አይችልም። ብርሃኑን ወደ ድምፅ የሚቀይረው መቀበያ ቤትዎ ውስጥ ነው፤ ጉልበቱንም ከቤትዎ ሶኬት ይወስዳል። ጣቢያው ይሠራው የነበረው ሥራ ወደ እርስዎ ቁምሳጥን ተዛወረ ማለት ነው። ሥራው ሲዛወር ኃላፊነቱም አብሮ ተዛውሯል፤ ይህን ግን ለባለቤቱ የሚነግረው ሰው ጥቂት ነው።

ሶኬቱን ነቀልኩት

የመጠባበቂያ ባትሪ የሚሞከረው በአንድ መንገድ ነው። ሶኬቱን ይነቅላሉ፤ ሰዓትዎን ያያሉ።

ሁሉም የተሰኩበትን ማከፋፈያ ነቀልኩት። ነጭ መቀበያው ላይ ያሉት አረንጓዴ መብራቶች አልጠፉም። ስልኩን ግን ሳነሳው ያን ጊዜውኑ ድምፅ የለውም። ግራ የሚያጋባ ነበር። ሳጥኑ ገና እየሠራ ስልኩ እንዴት ቀድሞ ይሞታል? አየሁት። የአክስቴ ስልክ ገመድ አልባ ነው። እጀታው የራሱ ባትሪ አለው፤ የሚቀመጥበት ማቆሚያ ግን የሚሠራው በግድግዳው ሶኬት ነው። መብራት ሲጠፋ ማቆሚያው ይጠፋል፤ እጀታው ብቻውን ዋጋ የለውም። ማለትም የባትሪው ሳጥን አዲስ ቢሆን ኖሮ እንኳ በዚያች ሌሊት እሳቸው መደወል አይችሉም ነበር።

ይህን ማንም አላሰበበትም። እኔም ጭምር። ከሁለት ዓመት በፊት ያንን ስልክ በስጦታ ያመጣነው እኛው ነን፤ እሳቸው ከወጥ ቤት እየሮጡ እንዳይደክሙ ብለን። የድሮውን ባለ ገመድ ስልክ አንስተን መሳቢያ ውስጥ አስገባነው። ያ ተራ ስልክ ከስልክ መስመሩ በሚያገኘው ጉልበት ብቻ ይሠራል፤ ሶኬት አይፈልግም።

ይህን እያሰብኩ ሳለ አረንጓዴዎቹ መብራቶች ድርግም አሉ። ሰዓቴን አየሁ። ከነቀልኩት 40 ሰከንድ ገደማ ሆኗል። ለሰዓታት ይቆያል የተባለ ባትሪ አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

12.6 ቮልት

አሁን ባትሪውን ራሱን ማየት ነበረብኝ። የሳጥኑ ክዳን በአንድ ብሎን ነው የተያዘው። ከፈትኩት። ውስጡ ያለው የታወቀው የእርሳስና አሲድ ባትሪ ነው፤ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት (አምፔር-ሰዓት የሚይዘው ጉልበት ብዛት መለኪያ ነው)። ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ 6.5፣ ቁመቱ ወደ 10። ክብደቱ ከሁለት ኪሎ ትንሽ ያልፋል። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተርን የሚያቆየው ዩፒኤስና የሌባ ማስጠንቀቂያ ደወል ውስጥም ያለው ይኸው ነው። ውስጡ ስድስት ክፍል አለ፤ እያንዳንዱ 2 ቮልት።

ጎኑን በእጄ ዳበስኩት። ቀጥ ያለ መሆን ሲገባው ትንሽ ሆዱ ገፍቷል። በቀይ ሽቦው ጫፍ ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ተጋግሯል። ሁለቱም የእርጅና ምልክት ናቸው።

ቴስተሩን አገናኘሁ፤ 13.0 ቮልት። ይህ ቁጥር አያታልላችሁ። ባትሪው ከቻርጀር ላይ አሁን የተነሳ ስለሆነ ላይ ላዩን ሞልቶ ይታያል። ሁለት ሰዓት አሳርፌ ደግሜ ለካሁት፤ 12.6 አለ። አርፎ የተለካ ሙሉ ባትሪ ወደ 12.8 እና 12.9 ነው የሚያሳየው። 12.6 እንግዲህ መጥፎ አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። «ባትሪው ደህና ነው፤ ችግሩ ሳጥኑ ነው» ተብሎ ሙሉ ሳጥኑ ሲጣል በሥራዬ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ቦርሳዬ ውስጥ ለዚህ ብዬ የምይዘው ነገር አለ፤ የመኪና ፍሬቻ አምፖል። 12 ቮልት፣ 21 ዋት። ሁለት ሽቦ በጥብጣብ አስሬበታለሁ። አምፖሉ በሰዓት ሳይሆን በቅጽበት እውነቱን ያወጣል፤ ከባትሪው 1.75 አምፔር ገደማ ይስባል። ከመቀበያው ጭነት በእጥፍ ይበልጣል።

አገናኘሁት። አምፖሉ ቦግ አለ። ቴስተሩ ላይ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። 11.8። 11.1። 10.4። ገና ደቂቃ አልሞላም። ብርሃኑ ከነጭ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ብርቱካን ሄደ። አክስቴ አጠገቤ ቆመው ያያሉ። «እየደከመ ነው» አሉ። በአራተኛው ደቂቃ 8 ቮልት ላይ ደረሰ፤ ክሩ ብቻ እንደ ፍም ቀላ። አምፖሉን ሳነሳው ደግሞ ቁጥሩ ተመልሶ ወደ 12 ወጣ። ምንም እንዳልሆነ ሁሉ።

ይህን ያህል ጊዜ የሰጠሁት ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ስላለ ነው። ቮልት የውኃው ከፍታ እንጂ የውኃው ብዛት አይደለም። ብርጭቆም በርሜልም እኩል ከፍታ ላይ ሊሞሉ ይችላሉ። ከላይ ብታዩዋቸው ልዩነታቸው አይታወቅም። ልዩነቱ የሚታወቀው መቅዳት ሲጀመር ነው። የእቴቴ ባትሪ ብርጭቆ ሆኖ ነበር።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ባትሪው ጉልበት ሲሰጥ እርሳሱና አሲዱ ተዋህደው ሰሌዳዎቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይፈጥራሉ። ሲሞላ ያ ሰልፌት ተመልሶ ይሟሟል። ሳይሞላ ከቆየ ግን ይጠነክራል፤ እንደ ድንጋይ ይሆንና አይመለስም። በዚያ ላይ ሁልጊዜ ቻርጀር ላይ የሚኖር ባትሪ በዓመታት ውስጥ ውኃው ቀስ በቀስ ይደርቃል፤ ሰሌዳውም ይበላል። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የመጀመሪያውን የእርሳስ ባትሪ በ1859 እ.ኤ.አ. ሲሠራ ከጀመረው ኬሚስትሪ ብዙም አልራቅንም። እርጅናውም ያው ነው።

የዚህ ዓይነት ባትሪ ዕድሜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው ይባላል። ያ ግን ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ገደማ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። ቁምሳጥኑን ስከፍት ፊቴን የመታኝ አየር ትዝ አለኝ። ቴርሞሜትር አስገብቼ ዘጋሁት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ 38 ዲግሪ አሳየ። ራውተሩ ይሞቃል፣ መቀበያው ይሞቃል፣ አዳፕተሮቹ ይሞቃሉ፤ በሩ ተዘግቷል። ባትሪው ላይ ከታተመው ቀን ስነሳ አራት ዓመት ሆኖታል። በዚያ ሙቀት ከሁለት ዓመት በላይ በትክክል ሠርቷል ብዬ አላምንም።

የመጀመሪያው አዲስ ባትሪ

ባትሪ ለመግዛት ስትሄዱ አሮጌው ላይ የተጻፈውን ቅዱ። ቮልቱ 12፣ አምፔር-ሰዓቱ 7 ወይም 7.2፣ መጠኑም ያው። አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ የጫፎቹ ስፋት። አንዱ ዓይነት 4.75 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሌላው 6.35። ሰፊው ሶኬት ጠባቡ ጫፍ ላይ ይገባል፤ ግን ይላላል። የላላ ደግሞ ይሞቃል። በአንድ መጠን 9 አምፔር-ሰዓት የሆነም ይገኛል። እኔ የሳጥኑ ሠሪ ከጻፈው አልወጣሁም፤ ቻርጀሩ ለዚያ ነው የተሰናዳው።

ሊቲየምስ? ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ቀላል ነው፣ ዕድሜውም ረጅም ነው፤ እውነት ነው። ይህ ሳጥን ግን የእርሳስ ባትሪን ወደ 13.6 ቮልት አካባቢ ይዞ ለዓመታት ለማቆየት የተሠራ ነው። የሊቲየሙ ፍላጎት ሌላ ነው፤ ራሱን የሚፈትሽበት ቁጥርም አይገጥምም። ሠሪው ይሆናል ብሎ በግልጽ ካልጻፈ በቀር አላስገባውም። ለሰው ሕይወት የሚጠበቅ ስልክ ላይ ሙከራ አላደርግም።

አዲሱን ገዝቼ መጣሁ። ልገጥመው ስል ለካሁት፤ 12.1 ቮልት። ልቤ አልወደደውም። ግን ቻርጅ ሲደረግ ይስተካከላል አልኩና ገጠምኩት።

አገጣጠሙ ቀላል ነው፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ቀለበትና የእጅ ሰዓት ይወልቃል። ትንሽ ብትመስልም ይህች ባትሪ ሁለቱ ጫፎቿ በብረት ከተገናኙ ብረቱን የምታግል ጉልበት አላት። መጀመሪያ ጥቁሩ ሽቦ ይነቀላል፤ ቀጥሎ ቀዩ። ሲገጠም በተቃራኒው፤ ቀዩ መጀመሪያ፣ ጥቁሩ በመጨረሻ። ሽቦውን ሳይሆን የጫፉን ብረት በፒንሳ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። ወዲያና ወዲህ ካንገላቱት ይሰበራል። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ከተገላበጠ ደግሞ በዕድል ፊውዙ ይቃጠላል፤ ያለ ዕድል ቦርዱ። የድሮው ባትሪ ሆዱ ስለገፋ ተጣብቆ ነበር። በካቻቪቴ አልጎረጎርኩትም፤ የፕላስቲኩ ሆድ አሲድ ይዟል። ሳጥኑን ከቁምሳጥኑ አውጥቼ፣ ገልብጬ፣ ከኋላው በመዳፌ ቸብ ቸብ ሳደርገው ወጣ። ይህ ሁሉ ሲሆን መቀበያው በሶኬቱ እየሠራ ነበር። ስልኩ አንዴም አልተቋረጠም።

ባትሪው እስኪሞላ 24 ሰዓት ሰጠሁት። በማግስቱ ተመልሼ ሶኬቱን ነቀልኩ። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሲሆነው ጠፋ።

አዲስ ነው የተባለው ባትሪ! ያን ጊዜ ነው ጎኑን ገልብጬ የተሠራበትን ቀን ያነበብኩት። ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወር ቀርቶታል። ያን ሁሉ ጊዜ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ማንም ቻርጅ አላደረገውም። እንዲህ ያለ ባትሪ ማንም ሳይነካው በወር 3 በመቶ ገደማ ከጉልበቱ ያጣል። ስለዚህ በየስድስት ወሩ መሞላት አለበት። ካልተሞላ ያ ሰልፌት እዚያው መደርደሪያው ላይ ይጠነክራል። በካርቶን ታሽጎ የተቀመጠ ነገር ሁሉ አዲስ አይደለም። 12.1 የሚለው ቁጥር ገና በሩ ላይ ነግሮኝ ነበር፤ ያኔውኑ መመለስ ነበረብኝ።

ሻጩ መጀመሪያ አንገራገረ። የታተመውን ቀን ሳሳየውና የአምፖሉን ሙከራ እዚያው ፊቱ ላይ ሳደርገው ቀየረልኝ። የተቀየረው ባትሪ የተሠራው ከሦስት ወር በፊት ነው። ከካርቶኑ ሲወጣ 12.9። አምፖሉን ለአሥር ደቂቃ አበራሁበት፤ ከ12.3 አልወረደም። ብርሃኑም አልተነቃነቀም።

ምን ያህል ይቆያል?

ይህን ሒሳብ ማንም ቤቱ ሊሠራው ይችላል። 12 ቮልት በ7 አምፔር-ሰዓት ሲባዛ 84 ዋት-ሰዓት ነው። ሁሉም ግን አይገኝም። 7 የተባለው ባትሪው በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ ብሎ ሲለቅቅ ነው፤ ፈጠን ካለ ያንሳል። ሳጥኑም ባትሪው እንዳይጎዳ 10.5 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ይቆርጠዋል። የተወሰነው ደግሞ በሙቀት ይጠፋል። እኔ 65 ዋት-ሰዓት ብዬ ነው የምይዘው።

የእቴቴ መቀበያ ሶኬት ላይ በሚሰካ መለኪያ 9 ዋት ነው የሚወስደው። 65 ለ9 ሲካፈል ከሰባት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ራውተሩ 8 ዋት ይወስዳል። እሱን አብሬ ብሰካበት ድምሩ 17 ይሆናል፤ ባትሪውም ስለሚቸኩል ሦስት ሰዓት ተኩል ቢቆይ ነው።

እዚህ ላይ ከእህቴ ልጅ ጋር ተከራከርን። እሱ ኢንተርኔቱም እንዳይቋረጥ ፈለገ። እኔ እምቢ አልኩ። ይህ ባትሪ ያለው ለአንድ ሰው ነው፤ ለአንድ ጥሪ ነው። እሳቸው በጨለማ ቪዲዮ አያዩም። የሚፈልጉት ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ስልክ ነው። ኢንተርኔት የግድ ለሆነበት ቤት ለራውተሩ ለብቻው የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ ይገዛል፤ ያኔ የራውተሩ አዳፕተር ላይ የተጻፈው ቮልት መመሳሰል አለበት፤ 12 የሚፈልግ አለ፣ 9 የሚፈልግ አለ። አንዳንዱ መቀበያ ደግሞ በባትሪ ሲሆን የኢንተርኔቱን በር ራሱ ዘግቶ ለስልኩ ይቆጥባል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት መሞከር ይሻላል። ሞባይልም አለ ብሎ መተማመን አይበቃም፤ የሞባይል አንቴናዎችም በባትሪ ነው የሚጠባበቁት፤ መብራቱ ጠፍቶ ሲቆይ እነሱም ያልቅባቸዋል።

ከቁምሳጥኑ አወጣኋቸው። መቀበያውንና የባትሪውን ሳጥን ግድግዳው ላይ፣ አየር በሚያገኝበት፣ ከራውተሩ ራቅ አድርጌ ሰቀልኩ። የባትሪ ሳጥን መታፈን የለበትም፤ ከመጠን በላይ ሲሞላ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። ቀይዋ መብራት አሁን ከሶፋው ትታያለች። ባለ ገመዱን ስልክ ከመሳቢያ አውጥቼ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ አልጋቸው አጠገብ አኖርኩት። ገመድ አልባውም አለ፤ ለቀኑ ሥራ ይሁናቸው።

ሙሉ ሙከራውን ያደረግነው በሦስተኛው ጉዞ ነው። ጠዋት ነቀልኩ። በየሰዓቱ ስልኩን አንስተን ድምፁን ሰማን። 6 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ቆየ። ከሒሳቡ በሃያ ደቂቃ ገደማ ነው ያነሰው። እንዲህ እስኪያልቅ መሞከር ግን አንድ ጊዜ ይበቃል። ጨርሶ መውረዱ ራሱ ባትሪውን ያስረጀዋል። ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ ለግማሽ ሰዓት ነቅሎ ማየት ነው። ባትሪው ላይ የገባበትን ቀን በወፍራም ማርከር ጻፍኩ።

አሮጌውን ባትሪ ቆሻሻ ውስጥ አልጣልኩትም። እርሳስ መርዝ ነው፤ በተለይ ለልጆች አንጎል። ሁለቱን ጫፎች በፕላስተር ሸፍኜ፣ አሮጌ የመኪና ባትሪ ለሚሰበስቡት ሰጠሁ። እርሳሱ ቀልጦ መልሶ ባትሪ ይሆናል።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። አክስቴን አስቀምጬ የሳጥኑን ድምፆች አሰማኋቸው። ነቅዬ፣ «ይሄኛው መብራት ጠፍቷል፣ በባትሪ ነኝ ማለቱ ነው» አልኳቸው። ሁለተኛውን፣ የአሮጌውን ባትሪ ጩኸት፣ ከስልኬ ቀድቼ አሰማኋቸው። «ይሄኛው ደግሞ ቀይሩኝ ነው። ያን ጊዜ ቁልፏን አይንኳት፤ እኔን ይጥሩኝ።» ሁለቴ አስደገሙኝ። ከዚያ በወረቀት ጻፉትና ስልኩ ሥር አስቀመጡት።

ከአምስት ሳምንት በኋላ እኩለ ሌሊት ገደማ ስልኬ ጠራ። የቤታቸው ቁጥር ነው። ደንግጬ አነሳሁት።

«መብራት ጠፍቷል» አሉ።

«ምን ሆኑ እቴቴ? አመመዎት?»

«ምንም አልሆንኩም። ሳጥኑ እየጮኸ ነው። የትኛው ጩኸት እንደሆነ ስማልኝ ብዬ ነው።» ስልኩን ወደ ግድግዳው አስጠጉት። ጢጥ አለ።

«በባትሪ ነኝ እያለ ነው። ቀይዋ በርታለች?»

«አረንጓዴ ናት።»

«በቃ ደህና ነው። ይተኙ።»

«እሺ፤ አንተም ተኛ» አሉና ዘጉት።